የነባር ሰፈር ጉርብትና ከሰው ጋር ይሄዳል ወይስ ከግቢው ጋር ይቀራል?

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ነው፤ ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ተከታታይ መልሶቹ፣ የተከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታ፣ በጨርቆስ፣ በተክለ ሃይማኖት ሰፈሮች ጉራጌው ከአማራው፣ ኦሮሞው ከትግሬው፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ ባለ ቪላው ከባለ ጭቃ ቤቱ አጥር ተጋርቶ የኖረው ለምንድን ነው? ጠያቂው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። የካዛንቺስ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ተነሥቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል። እዚያው ብሎክ ላይ ከድሮ ሰፈራቸው የተነሡ ብዙ ሰዎች አሉ። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግን ከሰላምታ አያልፉም። ስለዚህ ድሮም ያስተሳሰረን መዋደድ ሳይሆን ጠባብ ግቢ ነበር ባይ ነው። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይዞ እንዲመጣ ጋበዘ። መጡለት።

ክሩ ረዥም ነው፤ መሀሉ ላይም ስድብ አለበት። የሚረባውን በየቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ የሚዘለለውን እዘላለሁ።

መልስ 1 እና 2። ሁለቱም የጨዋ ሰው መልሶች ናቸው። የመጀመሪያዋ ለጠያቂው መልካም መኖሪያ ተመኝታ፣ እሷ ባደገችበት ጉለሌ ግን ልጅ የሁሉም እንደነበረ ጻፈች፤ ያጠፋውን ያገኘው ጎረቤት ይቆነጥጠዋል፣ የራበውም የደረሰበት ቤት ይበላል። ሁለተኛው ተስማምቶ፣ ጎረቤት ሳይጠሩ ቡና መጠጣት ነውር እንደነበረ ጨመረ። ክሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ባልጻፍኩ።

መልስ 3። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ገባ። አነጋገሩ ትንሽ የመምህር ነው፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድሃው እዚህ፣ ሀብታሙ እዚያ ተብሎ አልተሸነሸነችም። ንጉሡና እቴጌይቱ ቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሆኑ፤ መኳንንቱ በየተመሩበት ጉብታ ላይ ሰፈሩ፤ በየጌታው ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ እንጨት ለቃሚው፣ ጠጅ ጣዩ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርን በጌታ ስም ለሚጠራ፣ ሠራተኛ ሰፈርን ደግሞ ለቤተ መንግሥት ባለ እጆች ሰፈር ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰ። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ቀዝቃዛ ነው፦ ሀብታምና ድሃ አንድ ቦታ የሰፈሩት ጌታ ያለ ሎሌ ስለማያድር ነው። ሎሌው ቅርብ ነበር፤ ቅርብ መሆን ግን እኩል መሆን አልነበረም።

መልስ 4 እና 5። አራተኛው የፒያሳ ሰው ነው፤ ሦስተኛው የውጭ አገር ሰዎችን ረሳ ብሎ ወቀሰው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የየመኑ አረብ አራዳ ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አማርኛ ለምዶ እንደኖረ ዘረዘረ፤ የሰፈር ሱቅ ሁሉ አረብ ቤት የሚባልበት ዘመን እንደነበረም አነሣ። አርባዎቹ የአርመን ልጆች በምኒልክ ጊዜ መጡ ማለቱ ግን አምስተኛውን አስነሣው። አርመኖች በምኒልክ ጊዜም አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት ወላጅ አልባዎች ግን ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አይተዋቸው ያስመጧቸው ናቸው። ነፋስ መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች ስለነበሩ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ አብሯቸው የመጣው መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አራተኛው አመሰገነ። በመድረክ ላይ እርማት ተቀብሎ የሚያመሰግን ሰው ብርቅ ነውና ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ክር ውስጥ አይደገምም።

መልስ 6። እስካሁን የተባለው ሁሉ ማንም ሆን ብሎ ሰውን ለመለያየት ሳይነሣ የሆነ ነው፤ ሆን ብሎ የተነሣውስ ምን ደረሰበት ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ነጩን ካበሻው መለየት ፈልጎ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ አዲሱ ገበያ ለአገሬው ሰው፣ ፒያሳ ለነጭ እንዲሆን። በአምስት ዓመት ያሰበው አልተሳካለትም። ያ ለመለያያ የተተከለው ገበያ፣ የዛሬው መርካቶ፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ተሸካሚ የሚጋፋበት ሆነ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚተያዩትም እዚያው ነው፤ ዓርብ የሶላቱን ሰው፣ በንግሥ ቀን ደግሞ ታቦት የሚሸኘውን ያው አስፋልት ይይዘዋል።

መልስ 7 እና 8 አሮጌ ዕቃ ለአዲስ ስለሚሠራበት የመርካቶው ሚናለሽ ተራ ናቸው። አንዱ የጎማ በረባሶ እዚያ አሁንም ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው ይሠራል አለው። ሂዱና ግዙ።

መልስ 9። እኔን ከሚያስማሙኝ ሁለት ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። የተጻፈውም ያለ ምንም ቁጣ ነው። ሁላችሁም ስለ ምኒልክና ስለ ጣሊያን ታወራላችሁ፤ ዛሬ የምትናፍቁትን ግቢ የሠራው ግን የሐምሌ 1967 አዋጅ ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ለመኖሪያ የሚያዘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የመንግሥት ተቋም ለሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ።

ይህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ትልቁን ቤት ይዞ ቀረ። ከጓሮ በሰርቪስ ቤቶቹ ያከራያቸው የነበሩት ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪና ጠላ ሻጭ ደግሞ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። ትናንት ጌታዬ የሚባለው ሰው ዛሬ ጎረቤት ሆነ። ውጡልኝ ሊላቸው አይችልም፤ እነሱም አይወጡም፤ ያን የመሰለ ርካሽ ኪራይ ለቅቆ የት ይኬዳል? በአንዳንዱ ቤት ኪራዩ ዐሥር ብር ሳይሞላ ሠላሳ አርባ ዓመት ቆየ። ልጅ አግብቶ እዚያው በኮምፖርሳቶ ከፍሎ ገባ፤ የልጅ ልጅም እዚያው ተወለደ። ቤቱ ግን አርጅቶ ይፈርሳል፤ ቀበሌው አያድስ፣ ተከራዩ ካለ ፈቃድ አይነካ። ስለዚህ ይላል ዘጠነኛው፣ ጉርብትናችሁን የሠራው መነቃነቅ አለመቻል ነው። ሰው ከማይለየው ሰው ጋር መታረቅ ግዴታው ነው።

መልስ 10። ይህኛው ዘጠነኛውን ደግፎ ገባ፤ ጨዋነቱን ግን አልወሰደም። ናፍቆታችሁ ያስቀኛል ብሎ ጀመረና ግቢውን በዝርዝር አወረደው። ሰባት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ በእንጨት ቁራጭ ላይ ታስሮ ከአንዲት በር ጀርባ ይንጠለጠላል፤ ሌሊት ሆድ የቆረጠው ሰው ያቺን ሴት ሳይቀሰቅስ መውጣት አይችልም። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ለመጥራት ገንዘብ ይዋጣል፤ ልጆች የበዙበት ቤት ይጨምር የሚል ሙግት ይነሣል። መብራቱ ደግሞ ባሰ። የቆጣሪው ሒሳብ በአምፖል ይከፈላል፤ ቴሌቪዥን ያለው እንደ ሁለት አምፖል ይቆጠራል፤ ምጣድ የሚጥድ በጋገረበት ቀን ልክ ይጨምራል። ሒሳቡ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ይጻፋል። ቆጣሪው በስማቸው የሆነው እትዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ዋናውን ያጠፉታል፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያጠና ልጅ ሻማ ይለኩሳል። እሱ ራሱ በሻማ ነው ያለፈው። ኮንዶሚኒየም ገብቶ የራሱን በር ዘግቶ የራሱን ሽንት ቤት የተጠቀመበትን የመጀመሪያ ሌሊት በሰፈር ፍቅር እንደማይለውጠው ጻፈ። የማይወደኝ አይውደደኝ ሲልም አከለበት።

አልወደዱትም።

መልስ 11። ከሁሉ የምመርጣት ይህቺን ሴት ናት፤ ለዘጠነኛውም ለዐሥረኛውም አንድ ላይ መለሰች። ሁለታችሁም ወንዶች ናችሁ ብላ ነው የጀመረችው፤ ሁለቱም አላስተባበሉም። አንድ ቆጣሪ ሰውን አያፋቅርም፤ ያጣላል እንጂ። እናቷ ከዚያች ቁልፍ ከሚንጠለጠልባት ዓይነት ሴትዮ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈው ያውቃሉ፤ ግቢው አልሰፋላቸውም፣ ቁልፉም ቦታውን አልለወጠም። ያስታረቃቸው የሴትዮዋ ልጅ መውለድ ነው። እናቷ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤውን በመሀሉ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሳትጠራ ገባች፤ አራስ ቤት ማንም አይመለስም። በሦስተኛው ቀን አጥሚቱን ይዛ የተመለሰችው ሌላዋ ጎረቤት የክስታኔ ሴት ነች፤ በሳምንቱ ልብሱን ያጠበችው የወለዬዋ ሐዋ። እና ይህን ሁሉ ያደረጉት ሥራ ውለው መጥተው፣ እንጀራቸውን ጋግረው፣ የራሳቸውን ልጅ አስተኝተው ነው። ጉርብትና በአዋጅ የመጣም በጭቃ ግድግዳ የበቀለም አይደለም፤ ሴቶች ያለ ደመወዝ የሠሩት ሥራ ነው ትላለች። ዛሬ ደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ የቀረው ያን ሥራ የሚሠራው ሰው ታክሲ ተሰልፎ ስለሚያመሽ ነው። ከከተማው ዳር እስከ መሀል ሄዶ ለሚመለስ ሰው ገንፎ የሚያገነፋበት ሰዓት የለውም።

እኔ እዚህ ላይ ክሩ ተፈታ ብዬ ነበር። ጠያቂው በሰው ልብና በግድግዳ መሀል ምረጡ አለ፤ እሷ ሁለቱንም ትታ ሰዓትና ጉልበት አመጣች። ክር ግን መልስ ስለተገኘ አያልቅም።

መልስ 12። ዐሥረኛው ተመለሰ። ያቺ ገንፎ የያዘች እናት በማግስቱ ወሬውን ይዛ ቤት ለቤት እንደምትዞር፣ ግቢ ውስጥ ያልታወቀ ገመና እንዳልነበረ፣ የአንዲት ልጃገረድ ሆድ ከራሷ በፊት ጎረቤት እንደሚያውቀው ጻፈ። ስለታም ነው፤ ሐሰት ግን አይደለም።

መልስ 13 እና 14። ነገሩን ለማብረድ የገቡ ይመስላሉ፤ ይዘው የመጡት ግን ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ፍሬ ያለው ነው። ዐሥራ ሦስተኛው የእድር ገንዘብ ያዥ ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ይታወቃል፤ ታዲያ ለሁለቱም የሚያስተዛዝን እድር እንዴት ይሠራል? የነሱ እድር ሁለት ዓይነት ድስት ነበረው። የሙስሊሞቹ ድስት ጆሮው ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ በሌላ መደርደሪያ ላይ፣ ከራሱ ጭልፋና ቢላ ጋር ይቀመጣል። የክርስቲያን ለቅሶ ቤት ለሙስሊሞቹ ጎረቤቶች የሚቀርበውን ከነሱው አንዱ ባርኮ ያርደዋል፤ ጾም ከሆነማ ችግሩ ራሱ ይቀላል፣ ሽሮና ምስር ለሁሉም ነው። ያ ቀለም የተቀባ ድስት የጠፋበት አንድ ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ሌላ እስኪገዛ ድረስ እሳት አላነደዱም።

ዐሥራ አራተኛው ከዚያው ላይ ቀጠለ። የሙስሊም ቀብር በዚያው ቀን ነው፤ ለሩቅ ዘመድ አይቆይም። የክርስቲያን ቀብር ግን እስከ ማግስት ሊያድር ይችላል። የድሮው መተዳደሪያ ደንባቸው ጥሩምባ ተነፍቶ፣ አባል ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተተክሎ ይላል፤ ሁሉም ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ማለዳ ላይ ያረፉ አንድ ሐጂ እድሩ ድንኳኑን ሳይተክል ኮልፌ ተቀበሩ። ቤተሰቡ አልተቀየመም፤ እድሩ ግን አፈረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡን አሻሽለው፣ ሙስሊም አባል ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ወዲያው እንዲወጣ፣ ቅጣትም ከቀብር ለቀረ ሳይሆን ከሦስቱ ቀን ለቅሶ ለቀረ እንዲቆጠር ወሰኑ። ስለ አብሮ መኖር ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ። አንድ የደንብ አንቀጽ ያሻሻለ ሰው ሲናገር የሰማሁት ግን እዚህ ነው።

መልስ 15። ይህኛው የሁሉንም ናፍቆት ለማጽዳት የመጣ ነው። ሁሉም በእኩል አልኖረም ይላል። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በሙያው የሚሰደብበት፣ ቡዳ ተብሎ የሚፈራበት ግቢ ነበረ፤ ልጁን ለመዳር የዘር ማንዘር ቆጠራ ያላደረገ ጎረቤት ማን ነው? ቡና አብሮ መጠጣትና ልጅ መዳዳር የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አሳሰበ። ማንም አልመለሰለትም፤ መልስ ስለሌለው ይመስለኛል።

መልስ 16። ከዚህ ጀምሮ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው ከከተማዋ ዳር፣ ከኦሮሚያ በኩል ነው። እናንተ ካዛንቺስ ፈረሰ፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ የገባችሁባቸው ኮንዶሚኒየሞች የቆሙት ግን ባዶ መሬት ላይ አይደለም ይላል። ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ ገበሬው ደቦ የሚወጣበት፣ የራሱ ጉርብትና የነበረው መሬት ነው። ያ ሰው ሲነሣ ማንም ክር አልከፈተለትም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያጣመረው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ለምን እንደተነሣና እቅዱ በጥር 2008 ለምን እንደተሠረዘ የረሳ ሰው ስለ አብሮ መኖር ሊያስተምር እንደማይችል ጽፎ ዘጋ።

መልስ 17 በአወያዩ ተነሥቷል። ከመነሣቱ በፊት ያነበብኩት ያህል፣ ምንም አልቀረባችሁም።

መልስ 18 ፖለቲካ አታምጡ አለ። ሰው ከቤቱ ሲነሣ ፖለቲካ ያልሆነበት ጊዜ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 19። ለዐሥራ ስድስተኛው ከኮንዶሚኒየም የመጣ ብቸኛ የቀና መልስ ነው። ሴትዮዋ ቤቷ ስትገባ ከግቢው አጥር ማዶ ገና የሚታረስ መሬት ነበረ። ወተት የምትገዛው ከገበሬው ሚስት ነበር፤ ጠዋት በጄሪካን ይዛ እስከ ብሎኩ በር ትመጣለች፣ አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የሴትዮዋም ኦሮምኛ እንደዚያው፣ በጣት እየቆጠሩ ይገበያያሉ። መሬቱ ለቀጣዩ ሳይት ሲወሰድ ላሞቹ ተሸጡ። ባልየው አሁን በዚያው ሳይት የሌሊት ዘበኛ ነው። ስታልፍ ሰላም ይሏታል፤ ቤታቸውን ግን አታውቀውም። ምንም አስተያየት አልጨመረችም።

መልስ 20 እና 21። ሃያኛው ወጣት ነው፤ ክሩን ወደ ጥያቄው መለሰው። ኮንዶሚኒየም ሰውን አለያየ የምትሉት ተሳስታችኋል ብሎ ነው የመጣው። ዕጣ ብሔር አይጠይቅም። ሃያ በመቶው ተቆጥቦ ሰማንያው በባንክ ብድር የሚሸፈንበት የ20/80 ዕጣ ሲወጣ ከቤቱ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተይዞ ቀሪው ለተመዘገበ ሁሉ ነበር። በአንድ ደረጃ ላይ ነርስ፣ ሹፌር፣ ባለ ሱቅ፣ ጡረተኛ መምህር የሚገጣጠሙት በዕድል ነው። እንዲህ ያለ ቅልቅል የትኛው የጌታ ሰፈር አመጣ ሲል ሦስተኛውን ጭምር ነካው።

ሃያ አንደኛዋ አመሰገነችውና በጨዋ ቋንቋ አፈረሰችበት። ዕጣ የደረሰው ሰው ሁሉ አይገባበትም፤ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ያከራየዋል። በሷ ደረጃ ላይ ካሉት በሮች ብዙዎቹ የተከራይ ናቸው። ኪራይ ሲጨመር ይወጣሉ፤ ስማቸውን ስትለምደው አይሱዙ መጥቶ ፍራሹን ይጭናል። ቅልቅሉ አለ፤ የሚቆይ ሰው ግን የለም። ዘጠነኛው ግቢውን የሠራው አለመነቃነቅ ነው ያለውን እዚህ ጋ አስታውሱት፤ ክሩን ካነበቡት ውስጥ ይህን የገጠመችው እሷ ብቻ ናት።

መልስ 22 እና 23 ስለ ቀላል ባቡር ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ሰፈሮችን ለሁለት ከፈለ፣ አጥሩን ለመሻገር ማዞሪያ መፈለግ ሆነ የሚለውና፣ የለም፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በርካሽ ያደረሰን እሱ ነው የሚለው ተነታረኩ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ከጉዳዩ ግን ወጥቷል።

መልስ 24። ጠያቂው ብቅ አለ። አቋሙን አልለወጠም፤ አንድ ነገር ግን አመነ። ድሮ እናቱ ከፍላ የቆየችው የካዛንቺስ እድር አልፈረሰም። አባላቱ በከተማዋ ዙሪያ ተበትነው በየወሩ ከሚኖሩበት መጥተው አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ መዋጮውን ከፍለው፣ ስም ተጠርቶ፣ ተሳስቀው ይበተናሉ። ከዚያ ግን አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ጭኖ መሄድ የማይቻል ሆነ። የጭነት መኪናው ዋጋ ከመዋጮው ይበልጣል፤ ሐዘን ላይ የሚደርሰውም ከግማሽ በታች ነው። ታዲያ የቀረው እድር ነው ወይስ የናፍቆት ማኅበር ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከመጀመሪያው ይሻላል።

መልስ 25። የእድር ገንዘብ ያዥ የነበረው ዐሥራ ሦስተኛው ነው የመለሰው። ያን እድር አታፍርሱ፣ ግን ከሱ ጋር የሚኖር ሌላ በብሎኩ አቋቁሙ ብሎ መከረ። ድንኳን መግዛት አያስፈልግም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሸራ፣ ወንበርና ድስት ተከራዩ፣ የሚቆጠበው ገንዘብ ለአስከሬን መኪና ይሁን። ኮሙናል ቤት፣ ማለትም የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት፣ ያለው ሳይት ለቅሶውንም ለሰርግ የሚታረደውንም እዚያው ያድርግ፤ ደረጃ ላይ በሬ የሚጎትት ጎረቤት እንዳያጣላችሁ። ደንቡ ላይ አስቀድሞ መወሰን ያለበትን ጠቆመ፦ ቤተሰብ ማለት ማን ማን ነው፣ ገጠር ያሉ ወላጆች ይቆጠራሉ ወይ፣ የመግቢያው ገንዘብ ዘግይቶ ለሚመጣ ስንት ይሁን፣ የሙስሊም አባል ቀብር እንዴት ይሆናል። ዐሥራ አራተኛው ያነሣውን አንቀጽ እንዳለ እንዲገለብጡትም ነገራቸው።

መልስ 26። ሃያ አንደኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ተከራይ አባል ይሆናል ወይ?

መልስ 27። አይሆንም የሚል መልስ፣ ከአንድ የብሎክ ኮሚቴ ሰው። ምክንያቱ ደረቅ ነው፦ ስድስት ወር ከፍሎ የሚለቅ ሰው አባቱ ሲሞት ሙሉ ክፍያ ወስዶ ይሄዳል። ባለቤቱ ይመዝገብ፣ ተከራዩ በባለቤቱ ስም ይስተናገድ።

መልስ 28። ዐሥራ አንደኛዋ ተመልሳ መጣች። የብሎኩ ባለቤቶች ግማሹ ሌላ ሰፈር የሚኖሩ ከሆኑ፣ ሟቹ የሚያድርበት ቤት ያለው ሰው እድር ውስጥ የለም፣ እድር ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ሟቹን አያውቀውም ማለት ነው ስትል መለሰች። የመግቢያ ገንዘብ ለተከራይ በየወሩ ተከፋፍሎ ይታሰብ፤ ክፍያውም በቆየበት ወር ልክ ይሁን፤ ጉልበቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ይስጥ፣ ድንኳን መትከልና ውሃ መቅዳት የቤት ካርታ አይጠይቅም። የኮሚቴው ሰው በሒሳቡ ላይ ሁለት ጥያቄ አንሥቶባታል፤ አንዱን መለሰችለት። ሌላው፣ ተከራዩ ለቅቆ በሌላ ብሎክ ቢገባ የቆጠበው ወር አብሮት ይዛወር እንደሆነ የሚጠይቀው፣ እስካሁን ማንም አልመለሰውም።